በንድፉ ዳር የተፋቀው ቁጥር

ትናንት ዩኒቨርሲቲ ይዤው ልሂድ ያልሽኝ ባለሦስት ጠርዝ ማስመሪያ፣ በእጄ በያዝኩት ቁጥር ዛሬም አሞኒያ ይሸተኛል። ደርግ ሥልጣን ላይ ሳለ፣ ንድፍ በአሞኒያ ይባዛ በነበረበት ዘመን፣ እዚሁ ሀዋሳ በአንድ የመንገድ ሥራ ቢሮ የመሐንዲሱን ንድፍ በቀለም የምገለብጥ ወጣት ነበርኩ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ያስተማረኝ የለም፤ የቀረውን በምሳ ሰዓት ከመሐንዲሱ መጻሕፍት ለቀምኩት። ጠዋት ጠዋት አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ከሐይቁ መጥተው በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲራመዱ፣ የጥፍራቸው ድምፅ ከብዕሬ ጋር አብሮ ይሰማኝ ነበር።

ከሀዋሳ ርቆ፣ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ፣ መኪናው በላይ፣ ባቡሩ በታች የሚያልፍበት ድልድይ ሊሠራ ነው። አንድ ቀን ስለ ምሰሶዎቹ ሐሳብ ሰጠሁ። መሐንዲሱ ቀና እንኳ ሳይል፣ "የተማረ ሰው ሲያስፈልገኝ አስመጣለሁ። አንተ መስመርህን አስምር" አለኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ቀያሹማ "ፕሮፌሰር፣ ሻይ ጠጣህ?" ሲለኝ ከረመ።

ቂም ያዝኩ። ቂም ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልጄ፣ ይጣፍጥ ነበር።

በሳምንቱ ንድፉን ስገለብጥ ስህተቱን አየሁት። የድልድዩ ከፍታ መለካት ያለበት ከሐዲዱ ራስ ነው፤ መሐንዲሱ ግን ከመሬት ለክቶ ነበር። የጠጠሩ ክምር፣ እንጨቱና ሐዲዱ ተደምረው ወገቤ ጋ ይደርሳሉ። ድልድዩ ያንን ያህል ዝቅ ብሏል፤ ረጅም ጭነት የያዘ ባቡር ይመታዋል። የጎደለውን በእርሳስ ከዳር ጻፍኩ፣ መልሼ ፋቅሁት፤ ዱካው ግን ቀረ። ከሥሩ እንደ ደንቡ ስሜንና ቀኑን ጽፌ አስረከብኩ። ንድፉ ከመሐንዲሱ መሳቢያ ገባ። እኔም የሂስ ስብሰባ እስኪደርስ ጠበቅሁ፤ የምሰሶዎቹ ብረት መቆሙን ከሥራው ቦታ ከሚመጡት እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ከወር በኋላ ካድሬው "ሌላ ሂስ ያለው ጓድ?" ሲል ተነሣሁ። በዚህ ንድፍ ከተሠራ ባቡሩ ድልድዩን ይመታል አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቀያሹ ጫማውን ያይ ነበር። የዚያን ጊዜውን ደስታ በሠርጌ ቀን እንኳ አላገኘሁትም፤ እናትሽ ይቅር ትበለኝ።

ንድፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ካድሬው መሐንዲሱን፣ "ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?" አለው። በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀኝ።

"ትናንት" አልኩ።

የመሐንዲሱ ጣት የተፋቀው ቁጥር ላይ ቆመ። ከሥሩ ስሜ አለ፤ ወር ያለፈው ቀንም አለ። ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሁለታችንም እንሄድ ነበር። እሱ ግን ይህን ማስመሪያ አንሥቶ ቁጥሩ ላይ አጋደመውና፣ "ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው። እሱ ልክ ነው" አለ።

"አሻጥር አይደለም" ማለት እችል ነበር። ተቀመጥኩ።

ወሰዱት። ማስመሪያው ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር፤ እኔ አነሣሁት። ድልድዩ ከፍ ተደርጎ ተሠራ፣ እኔም ተጨበጨበልኝ። መሐንዲሱ ወደ ሀዋሳ አልተመለሰም፤ መጨረሻውን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ።

ማስመሪያውን ውሰጂው። የማን ነው ቢሉሽ ግን፣ የአባቴ ነው እንዳትዪ።