እግር ያላት መኪና

ከአንኮበር ወጣ ብሎ በነበረው ትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነበር። ዳይሬክተራችን ቫይረስ በአቧራ እንደሚተላለፍ ሰምተዋል፤ ከማን እንደሰሙ የጠየቃቸው የለም። በባዶ እግር መግባትም ክልክል ነው። ስለዚህ ካልሲ ያለው ይገባል፣ የሌለው በመስኮት ይማራል። እኔና ታላቅ እህቴ አንድ ጥንድ ካልሲ ነበረን። የእሷ ክፍል ተራ ማክሰኞ፣ የእኛ ሐሙስ መሆኑ በጀን።

ኮምፒዩተሮቹ ስምንት ናቸው። የሚሠሩት ሦስቱ ሲሆኑ፣ የቀሩት እንግዳ ሲመጣ ክፍሉን ሞልተው እንዲታዩ በጨርቅ ተሸፍነው ይቀመጡ ነበር። የሚያስተምረን ደብረ ብርሃን ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ቲቸር እንለዋለን። አንድ ቀን ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሳይረሱት ያልቀሩት የካርቱን መሥሪያ ፕሮግራም አገኘ። ሥዕል የሚወድ ሲፈልግ እኔ እጄን አወጣሁ።

«አህያ ሣዪ» አለኝ። «አንዴ እግሯን አንስታ፣ ቀጥሎ አውርዳ። ከዚያ ሥዕሎቹን እናስከትላቸዋለን።»

አሥራ ሁለት ሥዕል አንድ ወር ሙሉ ፈጀብኝ፤ መብራት ሐሙስን አይወድም ነበር። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። የቄስ ልጅ ስለሆንኩ ዳዊትን የደገምኩት ትርጉሙ ሳይገባኝ ነው፤ እነዚህንም እንደዚያው ሸመደድኳቸው። በመጨረሻ አህያዬ ዳገቱን መውጣት ስትጀምር በደስታ ጮኽኩ። ጫፉ ላይ ስትደርስ ግን እልም ብላ ትጠፋና ታች ትገኛለች። እንደገና ትወጣለች፣ እንደገና ታች።

«ቲቸር፣ ለምንድነው የማትቆመው?»

«ቁሚ የሚል ትእዛዝ አልጻፍሽላትማ።»

«እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ራሱን አከከ። «እሱ የሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ ነበር። መጽሐፉን ከዚያ ምዕራፍ ጀምሮ አይጥ በልቶታል።»

በዚህ መሀል ከበላይ አካል እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። ዳይሬክተሩ ሥራዬን ሊያዩ መጡና አህያዋ ሦስት ጊዜ ስትወጣ ተመለከቱ።

«አህያ! ለእንግዳ አህያ ልናሳይ ነው? ልማት የሚያሳይ ነገር ይሁን። መኪና አድርጊው።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ነገ ረፋድ ላይ።»

የአህያዋን አካል አጥፍቼ በቦታው ነጭ መኪና ሣልኩ። እግሮቿ ለብቻቸው የተሣሉ ስለነበሩ ሴቭ አድርጌ ወደ እነሱ ልሻገር ስል መብራት ሄደ፤ እስከ ማግስቱ ረፋድም አልተመለሰም።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት የእንግዶቹ ነጭ መኪና ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ዳገት ላይ ጭቃ ያዛት። ትልልቆቹ ተማሪዎች ገፏት፤ ሁለት ጊዜ ጫፍ ደርሳ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ በሦስተኛው ወጣች። እንግዶቹ ጫማቸውን ጭቃ አልብሰው ኮምፒዩተር ክፍል ገቡ። ዳይሬክተሩ ጫማ ስለማውለቅ ትንፍሽ አላሉም፤ የዚያን ቀን ቫይረሱም እረፍት ላይ ነበር።

ቲቸር ቁልፉን ተጫነ። ነጯ መኪና በአራት የአህያ እግር ዳገቱን ተያያዘችው። ጫፍ ደረሰች፤ ታች ተገኘች። እንደገና ወጣች። በር ላይ የቆመው ሾፌራቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ይቺማ የኛዋ መኪና ናት!»

ዋናው እንግዳ ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ነው የሠራው?»

ዳይሬክተሩ ወደ ቲቸር ጠቆሙ። ቲቸር ወደ እኔ አየ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ትናንት ነው የሠራሁት።»

«እግሩ የምንድን ነው?»

«የአህያ።»

ላብ ያጠመቃቸው ዳይሬክተር ዘለው ጣልቃ ገቡ። «የባህላዊውንና የዘመናዊውን ትራንስፖርት ትስስር ለማሳየት ነው ክቡር እንግዳችን።»

«የሚመላለሰውስ?»

«እሱ... ቀጣይነት ያለው ልማት ነው።»

እንግዳው ጥቂት አሰቡና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ሲጽፉ ያዩት ተከታዮቻቸው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

ደብተር ተሸለምኩ። ክፍሉ ግን በማግስቱ ተቆለፈ። ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ «እንዲህ ያለ ሥራ የወጣበት ክፍል በእንክብካቤ መያዝ አለበት» ብለው አዲስ ጓጉንቸር አሳዩን። ከዚያ ወዲያ የሚከፈተው ለእንግዳ ብቻ ሆነ። ቲቸር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኪቦርድ በጠመኔ ሥሎ እየጠራ ያስጫነን ጀመር። ተራዬ ደርሶ አንዱን ፊደል ስነካ ኮስተር ብሎ «ቆይ፣ መብራት ጠፍቷል» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ቦታዬ ተመልሼ አለቀስኩ።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። «ቀልዴ አስከፋሽ እንዴ?»

«አይ» አልኩት። ውሸቴን ነበር፤ እሱም አውቋል።

በዓመቱ ሰላ ድንጋይ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። እዚያ ደግሞ የኮምፒዩተር ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ኮምፒዩተሮቹ ገና አልመጡም አሉ።