ለዋይፋዩ የተጻፈ አቤቱታ

በፍርድ ቤቱ ግቢ፣ ከዋናው በር በስተቀኝ ባለው ረጅም ኮሪደር ላይ አራት የማመልከቻ ጸሐፊዎች ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ጠረጴዛ የእትዬ ዝርዝር ነው። ስሙን ያወጡላት ባለጉዳዮች ናቸው። ሰው መጥቶ «ባጭሩ በደለኝ በይልኝ» ሲላት፣ «በደል ባጭሩ አይጻፍም፤ ከዝርዝሩ ጀምር» ትለዋለች። መቼ? የት? ማን ቆሞ ያይ ነበር? ምን አልከው? እሱስ ምን አለህ? ባለጉዳዩ ላብ በላብ ሆኖ ይነሣል፤ ዳኛ ፊት ሲቆም ግን መልስ አይጠፋበትም።

ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። በጽሕፈት መኪና ጀምራ፣ ላፕቶፑን ደግሞ ከመጽሐፍ ላይ ቃል በቃል ለቅማ ራሷ የለመደች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት ዐይኗን ጨፍና፣ «ጌታ ሆይ፣ የሰው እንባ ሳላዛባ እንድጽፍ እርዳኝ» ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትል ኖራለች።

አንድ ሐሙስ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤቱ ወረቀት አይቀበልም፤ ማመልከቻ ሁሉ በኢንተርኔት፣ በፍርድ ቤቱ ገጽ በኩል ይገባል። ለጸሐፊዎች ዋይፋይ ተፈቅዷል። በገጹ መሥራት ያልቻለ ጸሐፊ ጠረጴዛውን ይለቃል።

እትዬ ዝርዝር የዚያኑ ዕለት ገጹን ሞከረችው። ገጹም «ኮምፒውተርዎ የሚሠራበት ሥርዓት አርጅቷል» ብሎ በሩን ዘጋባት። አዲሱን ሥርዓት ልጫንበት ብትል ደግሞ ላፕቶፑ አይችለውም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ነው።

ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ድሮ ወታደር ስለነበር መቶ አለቃ የሚሉት ጸሐፊ፣ አንገቱን አሻግሮ አየና፣

«እትዬ፣ ይቺን ማሽን ጡረታ አስወጫት እንጂ» አላት።

«ተራ ይጠበቃል፤ ቅድሚያ ላንተ ነው።»

አፏ እንዲህ አለ እንጂ ልቧ ደንግጧል። አዲስ ላፕቶፕ የማይታሰብ ነው። ከዚህ ጠረጴዛ ከተነሣች ሌላ የምታውቀው ሥራም፣ የሚያውቃት መሥሪያ ቤትም የለም።

ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ስለ ሊኑክስ አነበበች። ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ውስጡ ለሁሉ የተከፈተ፣ በአሮጌ ማሽንም የሚሮጥ ሥርዓት ነው ይላል መጽሐፉ። «ተመስገን» አለች፣ ቤተ መጻሕፍት መሆኗን ረስታ ጮክ ብላ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ የሆነችው ታናሽ እህቷ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር አውርዳ በፍላሽ ሰጠቻት፤ እሷም መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጫነችው።

ስክሪኑ እሺ አለ። ፊደሉ እሺ አለ። ያ ምሱን ካላገኘ የማይንቀሳቀሰው ፕሪንተር እንኳ ያለ ልመና አተመ። ዋይፋዩ ግን እምቢ አለ። ምልክቱ ላይ ቀይ መስመር ተጋድሞበት ቀረ።

ከግቢው በር አጠገብ ላለ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ አሳየችው። «እያንዳንዱ ዕቃ ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባው አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ድራይቨር ነው የምንለው» አላትና ከውጭ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ አዋሳት። ሥርዓቱ እሱንም አላውቀውም አለ። እትዬ ዝርዝር አምስት ጊዜ አፍርሳ አምስት ጊዜ ጫነች። በእያንዳንዱ ጊዜ ያየችውን፣ ልማዷ ነውና፣ በሰዓትና በቀን ደብተሯ ላይ አሰፈረች።

እንዲህ ስትታገል አንድ የማይረባ ነገር አየች። ረቡዕ ለምሳ ክዳኑን ከድና ተመልሳ ስትከፍተው ቀዩ መስመር ሦስት ትንፋሽ ለሚያህል ጊዜ ጠፋ፤ ወዲያው ተመለሰ። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ያ ሰኞ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ እህቷ መድኃኒት ቤቱ ጓዳ አስገብታ፣ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበትን መድረክ ከፈተችላት። አንዱ «ዋይፋዬ አይሠራም፣ እርዱኝ» ብሏል። ሌላው «የኔም» ብሏል። ከሥር መልስ የለም።

«በይ እታለም፣ አንድ መስመር ጻፊና እንውጣ። ልዘጋ ነው» አለች እህቷ።

«አንድ መስመር? እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ነው መዝገብ ቤት ገልብጦ የሚተወው። ተነሺልኝ።»

ተቀመጠች። በመዝገበ ቃላት እየተረዳች በእንግሊዝኛ፣ ግን በምታውቀው በአንዱ መንገድ ጻፈች። አመልካች፦ የላፕቶፑ ባለቤት። ተጠሪ፦ የዋይፋይ ካርዱ፤ ሞዴሉና ቁጥሩ ይኸው። ጉዳዩ፦ ሥራ እምቢ ማለቱን ይመለከታል። ቀጥሎ ዝርዝሩ፣ ከአንደኛው ጭነት እስከ አምስተኛው፣ በቀን ተራ። ቀጥሎ ማሽኑ የሰጣትን፣ በፍላሽ ያመጣችውን ምላሽ ሁሉ ማስረጃ አንድ፣ ማስረጃ ሁለት እያለች አያያዘች።

እህቷ ከትከሻዋ በላይ እያነበበች ሳቋን አፈነችው። «ኧረ በፈጠረሽ! ካርዱን ከሰስሽው?»

«ዝም በይ፣ ዝርዝር ላይ ነኝ።»

«ይሄ የክዳኑ ነገር ደግሞ ምንድን ነው? ተዪው፤ ይስቁብሻል።»

የእትዬ ዝርዝር እጅ ማጥፊያው ላይ አረፈ። ዓርብ ጠዋት አንዲት ልብስ አጣቢ፣ አሠሪዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ያባረራት፣ «እሱ እንኳን አይጠቅምም ብዬ ነው» ብላ ዋናውን ነገር ልትሸሽጋት ነበር። «የሚጠቅመውን የሚያውቀው ዳኛው ነው፤ አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ» ብላ የተቆጣቻት እሷው ራሷ ናት። እጇን አነሣችና የክዳኑን ነገር በተራ ቁጥር ሰባት ላይ ተወችው። መጨረሻ ላይ የሚጠየቀውን ዳኝነት አስፍራ፣ «ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብላ ላከች።

ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በሦስተኛው እህቷ በምሳ ሰዓት ወረቀት ይዛ ኮሪደሩ ድረስ እየሮጠች መጣች።

«እታለም! ተፈረደልሽ!»

መልሱን የጻፈው የማታውቀው፣ ለማንም ሳይቀጠር በትርፍ ጊዜው ሰው የሚረዳ ባለሙያ ነው። «ተራ ቁጥር ሰባት ባይኖር አላገኘውም ነበር» ይላል። «ካርድዎ ጤነኛ ነው። የሚያንቀው የላፕቶፑን ልዩ ቁልፎች የሚቆጣጠር ትንሽ ፕሮግራም ነው። የእርስዎ ሞዴል የሌለውን ማብሪያ ማጥፊያ አለ ብሎ ያምናል፤ ጠፍቷል ብሎም ካርዱን ይዘጋል። ማሽኑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ፕሮግራሙ ትንሽ ይዘገያል፤ ካርዱ ሦስት ትንፋሽ የሚያገኘው ያኔ ነው። ከታች ያለውን መስመር ይጻፉና ፕሮግራሙ እንዳይነሣ ይከልክሉት። ወጪና ኪሳራዎን ግን ልተካልዎ አልችልም።»

እትዬ ዝርዝር አፏን በእጇ ያዘች። «ወጪና ኪሳራዬ ይተካልኝ ብዬ ጻፍኩ እንዴ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈ እጅ ምን ያድርግ!» አለ መቶ አለቃ። ይህን ብሎም ወንበሩን ጎትቶ መጣና ከጀርባዋ ቆመ።

መስመሩን ፊደል በፊደል ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ አመሳከረች፤ አጥፍታ አስነሣች። ማሽኑ ሲነሣ ሦስቱም አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አሰገጉ። ቀዩ መስመር የለም። የፍርድ ቤቱ ዋይፋይ ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ። እትዬ ዝርዝር ራሷን ዝቅ አድርጋ ጥቂት ቆየች። ምን እንዳለች ማንም አልሰማም፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

መቶ አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ… ያ ገጽ እኔንም ትናንት ሦስት ጊዜ አስወጥቶኛል። ምን እንደሚለኝ አይገባኝም።»

«ወንበርህ ላይ ተመለስ። ሲያስወጣህ የሚጽፈውን ቃሉን ሳትለውጥ ቅዳልኝ። ሰዓቱንም።»

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው ልብስ አጣቢዋ ናት። እትዬ ዝርዝር አቤቱታዋን ከራስ እስከ ግርጌ አነበበችላት፤ ሴትዮዋ በየመስመሩ «አዎ፣ እንዲሁ ነው» አለች። «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ገጹ ትንሽ አሰበና የመዝገብ ቁጥር ሰጠ።

«ደረሰ?» አለች ሴትዮዋ ስክሪኑን በጥርጣሬ እያየች።

«ደርሷል።»

«ታዲያ በእጄ ምን ይዤ ልሂድ?»

ልክ ነች። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መውጣት የለመደ ሰው፣ ባዶ እጁን ከፍርድ ቤት እንዴት ይወጣል? እትዬ ዝርዝር ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደች፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን በትልልቁ ጻፈችላት። ሴትዮዋ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ከኋላዋ የቆመው ሽማግሌ ወደ ወንበሩ ቀረብ አለ።

«ልጄ፣ ባጭሩ…»

«ይቀመጡ አባቴ» አለች እትዬ ዝርዝር፣ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ እያሳረፈች። «መቼ ነበር?»