ኮት አይቶ የተመረጠ ምህንድስና

ልጅ ሳለ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ባለሱቅ ካላደረጉት አኩርፎ ቤት ይገባ ስለነበር፣ ቤተሰቡ «ዳይሬክተሩ» ይለው ነበር። ስሙም አብሮት አደገ። ምህንድስና ኮሌጅ ገብቶ የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ «የምታጠናውን ዘርፍ ምረጥ» ተባለ። እሱ ደግሞ የሚፈልገው ድርጅት መምራት እንጂ ማሽን መፍታት አልነበረም።

ቤት ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ።

«ሲቪል ያዝ፣ የኔ ልጅ» አለች እናቱ። «ሕንፃ ብትሠራ ለጎረቤት በጣቴ አሳያለሁ። ኤሌክትሪክን ማን ያየዋል?»

«ኢንዱስትሪያል ይሻለዋል፤ ሰው ማዘዝ ነው አሉ» አለች እኅቱ።

«ማዘዙንማ ያለ ዲግሪም ተክኖበታል!» አለች እናቱ።

ሴራሚክ ነጋዴው አጎቱ ሳቀ። «ለመነገድ ከሆነ ነገ ጠዋት ሱቅ ና። እስከ ዛሬ ካልኩለስ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም።»

ዳይሬክተሩ ማንንም አልሰማ። ኮሌጁ በዚያው ሰሞን የድርጅት መሪዎችን ጋብዞ ነበርና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ንግግራቸውን ትቶ ኮታቸውን መረመረ። ከሁሉም ሽክ ያለው የውሃ ፓምፕ አስመጪ «እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪካል ነው» አለ። አለቀ፣ ደቀቀ! ዳይሬክተሩ ኤሌክትሪካል ገባ።

በሽቦና በቀመር ፍዳውን በልቶ ተመረቀ፤ ደጅ ጠንቶም በዚያው ሰውዬ ድርጅት ተቀጠረ። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ «ኤሌክትሪካል የመረጥኩት እርስዎን አይቼ ነው» አለው በኩራት።

ሰውዬው ከልቡ አዘነለት። «ምነው ያኔ ብትጠይቀኝ! እኔን እዚህ ያደረሱኝ እኮ አማቼ ናቸው።»

የተመኘው የስብሰባ አዳራሽ ግን አልቀረበትም። «ኢንጂነር፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ!» ሲባል እየሮጠ ይገባል፣ ጠረጴዛ ሥር ይንበረከካል፣ ሶኬቱን ሰክቶ ይወጣል። እናቱ ለጎረቤት «ልጄ ከአለቆች ጋር ነው የሚሰበሰበው» ትላለች። አልዋሸችም።

አንድ ቀን ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ሽቦ ሲፈልግ፣ የሽያጭ ኃላፊው ገበያው የቀዘቀዘው በዝናቡ ነው፣ በተፎካካሪ ነው እያለ ሲዘበዝብ ሰማ። አላስችል አለው።

«ደንበኛ ሲደውል ስልክ የሚያነሳ ስለሌለ ነው!»

የድርጅቱ ባለቤት፣ ያው አስመጪው ሰውዬ፣ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛ ሥር አየ።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ፓምፕ የተበላሸበት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚላከው። ሄጄ ስጠግን ጎረቤቶቻቸው ብንደውል የሚያነሳ አጣን፣ መግዣው የት ነው ይሉኛል።»

«በል ውጣ። ከዛሬ ጀምሮ ሽያጭ ክፍል ነህ» አለ ባለቤቱ፤ ቀጥሎም «መጀመሪያ ግን ፕሮጀክተሩን አብራልን።»

በማግስቱ ፓምፕ ሊሸጥ የአትክልት እርሻ ወዳላቸው አንዲት ሴትዮ ሄደ። ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ኃይል ብክነቱ የተማረውን ሁሉ ዘረገፈላቸው። ሴትዮዋ በትዕግሥት አዳመጡትና፦

«ልጄ፣ ውሃ ያወጣል ወይ?» አሉ።

«ያወጣል።»

«ታዲያ እሱን አትልም?»

ገዙት። ዳይሬክተሩም የመጀመሪያ ሽያጩን ይዞ፣ ብቻውን እየሳቀ ወደ ቢሮ ተመለሰ።