ግማሹን ለአስቴር

መጀመሪያ የያዘኝ ትኩሳት ነው። ከደጋው ገዘር ወደ ቆላው ሃና ወርጄ ልጄን የማሽላ አረም ሳግዛት ከረምኩ፤ ሙቀት ስለነበር ደጅ፣ የምስጥ ኩይሳ አጠገብ ነበር የምንተኛው። ወባ መሰለኝ። ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ልጄንም ራሷን ሲያማት ግማሹን አካፈልኳት። እኛ ቤት የገባ ነገር ሁሉ ይካፈላል።

ትኩሳቱ አልሄደም። ሥጋዬ አለቀ። ሆዴ በግራ በኩል አበጠ። መቆም አቃተኝ።

ጂንካ ወሰዱኝ። ጣቴን ወግተው ደም መረመሩ።

«ካላዛር ነው እማማ» አለኝ ሐኪሙ። «ኩይሳ ውስጥ የሚኖር የአሸዋ ዝንብ ነው የሚያመጣው። ካልታከመ ይገድላል።»

አጠገቤ አስቴር የምትባል ወጣት ተኝታለች፤ በሽታችን አንድ ነው። እሷን በየቀኑ ሁለት መርፌ ይወጓታል። ትራሱን ነክሳ ታለቅሳለች። ለእኔ ግን ቢጫ መድኃኒት በግሉኮስ ይንጠባጠብልኛል። ለምን ብዬ ጠየቅሁ።

«የእሷ መርፌ በእርስዎ ዕድሜ ልብ ይጎዳል» አለ ሐኪሙ። «ይኼኛው አምፎቴሪሲን ነው፤ አፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ የተገኘ። እንዲሁ ቢሰጥ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ በዓይን በማይታይ የስብ ከረጢት ይጠቀለላል። ሊፖሶም ይባላል። ከረጢቱን ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል፤ የበሽታው ተውሳክም የተደበቀው እዚያው ነው።»

ነገሩ ገባኝ። ፍትሕ ግን አልመሰለኝም። በማግስቱ ክንዴን ብርድ ልብስ ውስጥ ደበቅሁ።

«ግማሹን ለአስቴር ካልሰጣችሁ አልወስድም።»

«የተለካው በእርስዎ ኪሎ ነው። በግማሽ ተውሳኩ አይሞትም፤ ተመልሶ ይነሳል። የሚመጣልን ጥቂት ስለሆነ ለወጣቶቹ አይበቃም፤ እሷን መርፌው ያድናታል።»

ክንዴን አላወጣሁም። አስቴር ከትራሷ ቀና አለች።

«እማማ፣ እርስዎ ቢሞቱ የእኔ መርፌ ይቀንሳል? ክንድዎን ይስጧቸው። ይልቅ ስወጋ እጄን ይያዙልኝ።»

ሰጠሁ።

ከዚያ በኋላ መርፌዋ ሲመጣ እጇን እይዛለሁ፤ ጥፍሯ መዳፌን እስኪያደማው ትጨብጠኝ ነበር። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እህል መቅመስ ጀመርኩ፣ ውሎ አድሮም ሁለታችን ግድግዳ ይዘን ኮሪደሩን እየተጨቃጨቅን እንመላለስበት ጀመር። ለክትትል ስንገናኝ ጉንጯ ሞልቶ ለጥቂት ሳላውቃት ልቀር ነበር። እኔም በቀጠሮዬ ሁሉ ሐኪሙን «የስብ ከረጢቱ ለወጣቶቹ የሚደርሰው መቼ ነው?» እለዋለሁ። ገና ከበር ሲያየኝ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

እሱንም ነርሶቹንም እግዜር ይስጣቸው። እናንተ ግን ትኩሳታችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ግራ ጎናችሁም ካበጠ፣ «ካላዛር መርምሩኝ» በሉ፤ ሳይመረምሯችሁ ከወንበሩ አትነሱ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ሳታካፍሉ ጨርሱ። አጠገባችሁ ለተኛው እጃችሁን ስጡት።