ጠባሳውን ያየ ማን ነው?

ማክሰኞ ንጋት፣ በደሌ

ሚኒባሱ ከበደሌ መናኸሪያ ሲወጣ ሰማዩ ገና አልለየለትም። ከኋላዬ የበቆሎ ጆንያ፣ ከእግሬ ሥር እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ከጎኔ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚያንቀላፉ ሽማግሌ። ሾፌሩ ገመቹ ይባላል፤ ለሚሳፈረው ሰው ሁሉ በኦሮምኛ "አካም ቡልተን" እያለ፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ "እንዴት አደርሽ እህቴ" አለኝ።

የምሠራው አዲስ አበባ በሚታተም ጋዜጣ የውጭ ዜና ገጽ ላይ ነው። በራቸውን ዘግተው ስለሚኖሩ አገሮች የምንጽፈውን የምናገኘው ሌላ ሰው ከጻፈው ነው፤ ያም ሰው ያገኘው "ታማኝ ምንጮች" ከሚላቸው። አለቃችን ከእነዚህ አገሮች በመጣ ዜና ላይ አንድም ማስተባበያ ደርሶን እንደማያውቅ በኩራት ይናገራል። ማን ይጽፈዋል?

አሁን ስልኬ ውስጥ አንድ የቆየ ዜና ይዣለሁ። ውጭ አገር የሚዘጋጅ ድረ ገጽ ያወጣው ነው። ተስፋይ የሚባል፣ ጎሬ ከተማ በወፍጮ መካኒክነት ይኖር የነበረና ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ ወደዚያ የተላከ ሰው እስር ቤት ውስጥ ሞተ ይላል። ሚስቱ ለቅሶ ተቀመጠች። ከዓመታት በኋላ የሁለቱ አገሮች ስልክ ሲከፈት፣ ሞተ የተባለው ሰውዬ ደወለ።

ሴት ልጁ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ለእረፍት ወደ ኢሉባቦር እንደምሄድ ስትሰማ፣ "ያንን ወሬ ማን እንደጀመረው እወቂልኝ። እኔ እናቴን መጠየቅ አልችልም" አለችኝ።

ረፋድ፣ ያዮ

ያዮ ላይ ለቁርስ ወረድን። ጨጨብሳ በማር፣ በወፍራም ብርጭቆ ሻይ። ማሩ ጠቆር ያለ የጫካ ማር ነው፤ ጉሮሮ ይይዛል። ከመንገዱ ወዲያ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር በራሱ ጊዜ በቅሎ፣ ቅጠሉ ከዝናቡ የተነሳ ያብረቀርቃል። ገመቹ ወዴትና ለምን እንደምሄድ ጠይቆኝ ነገርኩት። እሱም ተስፋይን በልጅነቱ ያውቀዋል፤ ከአባቱ ጋር እህል ሊያስፈጩ ጎሬ ይሄዱ እንደነበር አጫወተኝ።

"ሞተ ሲባል እኛም ሰምተናል" አለኝ። "ዜና ላይ ወጥቷል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል?"

ቀትር፣ መቱ

መቱ ሞቅ ብላለች። ባጃጆች፣ የሙዝ ነጋዴዎች፣ በረንዳ ላይ የተሰቀሉ ሸራ ጫማዎች። ወደ ጎሬ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ስልኬን ቻርጅ አደረግሁ፤ ዜናውንም ደግሜ አነበብኩት። "አስከሬኑ ግራ ክንዱ ላይ ባለው የቃጠሎ ጠባሳ መለየቱን ለቤተሰቡ ቅርበት ያላቸው ምንጮች ገልጸዋል" ይላል። እኔም ብሆን አምን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢያይ ነው እንጂ።

ከሰዓት፣ ጎሬ

ጎሬ ኮረብታዋ ላይ በጉም ተሸፍና ጠበቀችኝ። የተስፋይ ሚስት የነበሩት የእትዬ ጽጌ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ሁለተኛ ባላቸው ጋሼ ታደሰ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተስፋይን ስም ስጠራ ብድግ ብለው የስፌት መኪናቸውን አልብሰው፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብለው ወጡ። እትዬ ጽጌ በመስኮቱ በዓይናቸው ተከተሏቸው።

"ደግ ሰው ነው" አሉኝ። "ሁልጊዜ እንዲህ ይወጣልኛል።"

ዜናውን ያሳያቸው የቀበሌ ሠራተኛ የነበረ ጎረቤት ነው፤ አትሞ አምጥቶ። በመጀመሪያ አላመኑም ነበር። ጠባሳው ላይ ሲደርስ ግን ንባቡን አስቆሙት። የወፍጮው ሞተር የፈጀው ክንድ ነው፤ ቅባት ሲቀቡለት የከረሙት እሳቸው ናቸው። ተስፋይ በበጋም እጅጌውን አይሰበስብም ነበር። ይህን ያወቀ ሰው አስከሬኑን ያየ መሆን አለበት ብለው ድንኳን አስተከሉ። ዓመቱ ወጥቶ ሌላም ዓመት ሲደገም ጋሼ ታደሰን አገቡ።

ስልክ የተከፈተ ሰሞን አንድ የማያውቁት ቁጥር ደወለ። "ጽጌ፣ ተስፋይ ነኝ" አላቸው። ታስሮ ነበር፤ ተፈትቶ ነበር፤ ደብዳቤ የሚልክበት መንገድ አልነበረውም። ስለ ልጁ ሲጠይቃቸው ከጓዳ የጋሼ ታደሰ ሳል ተሰማ። ማን ነው አላቸው። ነገሩት።

"መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ" አሉ እትዬ ጽጌ። "ከዚያ፣ 'ሰውየው ደግ ነው?' አለኝ። አዎ አልኩት። 'እንግዲያው ደግ አደረግሽ' አለኝ።"

ተስፋይ ለልጁ ሠርግ አንዴ ደውሎ መረቀ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ አገሮች መስመር ተመልሶ ተዘጋ።

ስለ ጠባሳው ከቤታቸው ውጪ የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡ። አንድ ብቻ አሉኝ፤ ካርቱም ይመላለስ የነበረ ከድር የሚባል ነጋዴ፣ አሁን ቡሬ ሱቅ አለው። ካርቱም ኤርትራውያን ስላሉ አፈላልግልኝ ብለው ልከውት ነበር፤ ሰው እንዳይሳሳት ምልክቱን ነግረውት። እሱ ግን ምንም ሳያገኝ እንደተመለሰ ነግሯቸዋል።

ረቡዕ ጠዋት፣ ቡሬ

የጋሼ ከድር ሱቅ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ፕላስቲክ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ የዝናብ ጫማ። ወንበር አወጡልኝ፣ ለስላሳ ከፈቱልኝ። የእትዬ ጽጌን ስም ሲሰሙ ፊታቸው በራ። በእርግጥም ካርቱም ያላንኳኩት በር አልነበረም። አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ኤርትራውያን ይሰበሰቡ ነበርና በየጠረጴዛው እየዞሩ ጠይቀዋል፦ የጎሬው መካኒክ፣ ግራ ክንዱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለው፣ ሞቶ እንደሆነ ቤተሰቡ እንዲያውቅ። አንዱ ስለ አገራቸው ጉዳይ ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል የተባለ ሰው በደንብ አዳመጣቸው። የተስፋይን ስም ሁለት ጊዜ አስደግሞ ጻፈ። ደስ አላቸው፤ አንድ የሚያፈላልግ ሰው ተገኘ ብለው።

ወደ ጎሬ የተመለሱት የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ነው። መርዶው በሌላ መንገድ ቀድሟቸው እንደመጣ ገመቱ እንጂ ከእሳቸው ጋር ይገናኛል ብለው አላሰቡም። ዜናውንም በዓይናቸው አላዩት።

አነበብኩላቸው። ጠባሳው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ድገሚው እስቲ።"

ደገምኩት። "ለቤተሰቡ ቅርበት ያላቸው ምንጮች።"

"ይሄ እኮ እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ሞቷል አላልኩም። ሞቷል ወይ ነው ያልኩት።"

አንድ ደንበኛ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መጥቶ ቆመ። ጋሼ ከድር አላዩትም። ሰውየው ዕቃውን ራሱ አንስቶ ሒሳቡን ባንኮኒው ላይ አኑሮ ሄደ። ለእትዬ ጽጌ እኔ እንዳልነግር አደራ አሉኝ፤ ከራሴ አፍ መስማት አለባቸው ብለው። ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ተሳፈሩ። እስከ ጎሬ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ጎሬ

ጋሼ ከድር አልቀመጥም ብለው ቆመው ለእትዬ ጽጌ ነገሯቸው። ስላዩት ሻይ ቤት፣ ስለጠየቁት ጥያቄ፣ ስለጻፈው ሰውዬ፤ ምንም አላስቀሩም። በመጨረሻ፣ "እትዬ፣ ቤትዎን ያፈረስኩት እኔ ነኝ" አሉ።

እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን አጣጠፉ።

"ቁጭ በል ከድር" አሉ። "አንተን ከመላኬ በፊት ታደሰ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ለዚያ ነው የላክሁህ። ሞቶ ከሆነ ልወቅ ብዬ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ያ ወረቀት ሲመጣ ጠባሳውን ለከድር መንገሬን ረስቼው አልነበረም፤ አስታውሼ ነበር። ከድር ይመለስና ልጠይቀው ማለት እችል ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ብቻዬን መኖሩ ደክሞኝ ነበር። የፈለግሁት መልስ መጣልኝና ተቀበልኩት።"

ጋሼ ከድር ተቀመጡ። ለባልደረባዬ የወሬውን ጀማሪ ይዤላት ልመለስ ነበር የመጣሁት፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ጥፋተኛ ተብሎ የሚያዝ ሰው አላየሁም። ጉሙ ከኮረብታው ወርዶ በሩ ድረስ መጥቷል።

እትዬ ጽጌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከድር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። አሁንስ ተስፋይ በሕይወት ይኖር ይሆን?"

ጋሼ ከድር ቀና ብለው ፊት ለፊት አዩአቸው።

"አላውቅም፣ እትዬ" አሉ።

እትዬ ጽጌም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም።