ከፍየል ጅማት የወጣ ቆዳ

የሆስፒታላችን ላቦራቶሪ ኃላፊ በየማለዳው ከቄራ የፍየል ጅማትና ትኩስ ጉበት በላስቲክ ጠቅልለው ይመጡ ነበር። ከዚያ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ገብተው ከውስጥ ይቆልፋሉ። አንድ ቀን ምን እንደሚያደርጉበት ብጠይቃቸው «ለድመቴ ነው» አሉኝ። ድመት እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ከዚራ ሰፈር ጎረቤታሞች ነን።

የሶማሌ ጦርነት ካበቃ ገና ብዙም አልቆየም። መጋላ ሰፈር ውስጥ ሶማሊኛ የሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። የኃላፊያችን እናት ሶማሌ ናቸው፤ ኃላፊያችን ራሳቸው ደግሞ ውጭ አገር ተምረው ነው የመጡት። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠራኝና «አቦ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ምንድነው የሚቀመመው? መርዝ ቢሆንስ?» አለኝ። እኔም ያንኑ ሳስብ ከርሜ ስለነበር አጣራለሁ አልኩት።

በምሳ ሰዓት፣ ከተማው በሙቀቱ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ ከተሰቀለው ጋውናቸው ኪስ ቁልፉን አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ በመስታወት ሳህኖች፣ የእንቁላል የውስጥ ሽፋን የመሰሉ ስስ ነገሮች ተነጥፈዋል። አንዱን ባነሳው እንደ ራሰ ወረቀት ተቀደደ። ሌላውን ሳብኩት። ጠበቅ አድርጌ ብስበውም እንቢ አለኝ።

«ማን ላከሽ?»

ኃላፊዬ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማንም» አልኩ።

አላመኑኝም፤ ግን ነገሩኝ። ጅማቱን አሲድ ውስጥ ሲያሟሙት ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ይወጣል፤ ሲነጠፍ ስስ ቆዳ ይሆናል፣ ግን ወዲያው ይበጣጠሳል። ከጉበቱ የሚያወጡት ኤንዛይም ነው ክሮቹን እርስ በርስ አስተሳስሮ የሚያጠነክራቸው።

«የተቃጠለ ሰው ቁስል ላይ ቢነጠፍ የራሱ ሥጋ በላዩ ያድግበታል ብዬ ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን ደበቁት?»

«አንቺስ ለምን ተደብቀሽ ገባሽ?»

ለሊቀመንበሩ የቁስል መሸፈኛ ነው አልኩት። «በጉበት?» ብሎ ሳቀ። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ሲጠይቀኝ ግን ነገርኩት። በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች ሳህኖቹን ወስደው ቀበሌው ግቢ ፀሐይ ላይ ደረደሯቸው፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሸተቱ። እሳቸውን አምስት ቀን አሰሯቸው።

ሲፈቱ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። «አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም፤ እንዲያውም ተከራክሬልዎታለሁ።»

ግማሹ እውነት ነበር። ሙከራውን ዳግም አልጀመሩትም። እኔ አይቼ የጨረስኩትን የበሽተኛ ደም ስላይድ ሁሉ ግን መልሰው ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጠው ራሳቸው እንደገና ያዩት ጀመር።