ምላሴ ቀድሞን የደረሰበት የሰሊጥ እርሻ

ሐሙስ ንጋት፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣን። ሾፌሩ ኢድሪስ ነው። ልጄ ዶክተር ሰሚራ በረዶ የሞላውን ሣጥን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። መድረሻችን ፋሽጋ ውስጥ ያለ የሰሊጥ እርሻ ነው። ሰሚራ ከጎንደር ቆላ የመጡትን ሠራተኞች ደም ወስዳ፣ ሳያውቀው የጉበት በሽታ ይዞት የሚዞረው ስንቱ እንደሆነ ታጠናለች። መከሩ እያለቀ ነው፤ ዛሬ ፈቃደኛ ካጣች ሠራተኛው ይበተንና ጥናቷ ለከርሞ ይቆማል። እኔ የተከተልኳት በሽማግሌነት ነው። ያገሬ ሰዎች ናቸውና ቃሌን ይሰማሉ ብዬ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ሱቄ ውስጥ ቅመም ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ልጆቼንም «መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ተናገሩ» እያልኩ ነው ያሳደግሁ። የዋሸ ልጅ «እውነት» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ይጽፍ ነበር።

ረፋድ፣ ዶካ

ግራና ቀኝ ማሽላ፣ ትራክተር፣ ጥቁር አፈር። ዶካ ላይ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል በላን። ዋጋው ካምናው እጥፍ ሆኗል፤ ጣዕሙ ግን ያው ነው። አጠገባችን ከገላባት በጭነት መኪና የመጡ የቀን ሠራተኞች ሻይ ይጠጣሉ።

«ሐጂ፣ ልጅዎ የምን ሐኪም ናት?» አለችኝ የመተማዋ ሻይ ሻጭ ሐዋ።

«የጉበት ነዋ! ካይሮ ሳለች ካንዱ ሆድ ጉበት ቆርጠው ለሌላው ሲተክሉ አብራ ትቆርጥ ነበር!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሠራተኞቹ ብርጭቋቸውን ቁጭ አደረጉ። እኔ አድናቆት መሰለኝ። እነርሱ ቀድመው ሄዱ፤ እኛ ጎማ ፈነዳብን።

ቀትር፣ እርሻው

ሰው የለም። የሠራተኞቹ አለቃ አያ መልኬ ብቻ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ሰዉ የት ገባ?» አልኩት።

«ከሰሊጡ ክምር ጀርባ ነዋ! በጭነት መኪና የመጡት ጉበት ቆራጭ እየመጣች ነው ብለውናል። እኔ ያለኝ አንድ ጉበት ነው፣ ሐጂ። እሱም ቢሆን አዲስ አይደለም።»

ኢድሪስ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። «የቀደመን መኪናው አይደለም፤ የሐጂ ምላስ ነው!»

ሰሚራ አልሳቀችም። ሣጥኗን ከፍታ እጇን ሰደደች፤ በረዶው ግማሹ ውኃ ሆኗል።

«አባ፣ ዶካ ላይ ምን ተናገርክ?»

ነገርኳት። ከዚያ የትራክተሩ ተጎታች ላይ ወጣሁ።

«ወገኖቼ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በልጄ ስለምኮራ አፌ አመለጠኝ። ጉበት የሚቆረጠው በትልቅ ሆስፒታል፣ ወዶ ከሚሰጥ ሰው ነው። የሚወሰደውም ቁራጩ ነው፤ ተመልሶ ያድጋል። ዛሬ የምትወስደው ጥቂት ደም ብቻ ነው!»

«ለምን እንመንዎ?» አለ አንዱ ከክምሩ ጀርባ።

ሰሚራን አየኋት። እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች፤ ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ ታየ።

«ሰባት ዓመቷ ሳለ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ብዬ በጋለ ብረት የተኮስኳት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ቅርባችን ነበር፤ አልጠየቅሁም። በሽታው በራሱ ጊዜ ለቀቃት፤ ይሄ ግን ቀረ። የጉበትን ነገር መመርመር የጀመረችው ያን ቀን ነው።»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አያ መልኬ ሸሚዙን ገለጠ። «እኔም ሦስት አለኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እጀ ለጋስ ነበር!»

ከክምሮቹ ጀርባ ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ።

«ካይሮ ሳለሁ በሽተኞቹ የሚመጡልን ጉበታቸው ካለቀ በኋላ ነበር» አለቻቸው ሰሚራ። «አሁን ሳያልቅ ልድረስ ብዬ ነው የመጣሁ። ውጤቱን ለየብቻ እነግራችኋለሁ። እምቢ ማለትም መብታችሁ ነው።»

«ሐጂ ይቅደሙ!» አሉ።

መርፌ እፈራለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ቢስሚላህ ማለት ጀመርኩ። «ያሳጥሩት እንጂ፣ በረዶው አለቀ!» አለ አያ መልኬ። ከእኔ ቀጥሎ እርሱ ተቀመጠ። የዐሥር ሶላት ሳይደርስ የሰሚራ ብልቃጦች ሞሉ።

አመሻሽ፣ የመልስ መንገድ

«አባ፣ የጠባሳውን ነገር ለዚያ ሁሉ ሰው ተናገርክ» አለች ሰሚራ። «ለእኔስ?»

ልጅ ሲያጠፋ ይቅርታ እንዲል አስተምሬአለሁ። እኔ ስል ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ኢድሪስ፣ አላህ ይስጠው፣ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

ዶካ ስንደርስ ሐዋ ሻይ እየቀዳች፣ «እህ፣ ሐጂ! ጉበት ቆራጯ ሥራው ቀናት?» አለችኝ። በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አፌን በሻይ ሞላሁና በጣቴ ወደ ሰሚራ አመለከትሁ።